ቫልቭ ራሴ አስተካከልኩና ቮልሴ እንደ ስፌት መኪና መንኳኳት ጀመረች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የአባቴን ቮልስ ከተረከብኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። 1300 ነች፣ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ስም የለውም። እስካሁን ጋራዥ ሳመላልሳት ነው የኖርኩት። ባለፈው ክረምት አንድ ጋራዥ ሦስት ሳምንት ከርማ ስትወጣ የአራት አዲስ ካንዴላ ሂሳብ አስከፈሉኝ። ቤት አድርሼ ብፈታቸው የድሮዎቹ ናቸው። አንዱ ላይ አባቴ በሞረድ የጫረው ምልክት እንኳን እንዳለ ነው። ያን ቀን ከእንግዲህ እጄ ይቆሽሽ እንጂ ኪሴ አይራገፍም ብዬ ማልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቱታዬን ለብሼ ገባሁበት። ዘይት ቀየርኩ። የቫልቮቹን ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መሀል ያለውን፣ አስተካከልኩ። እሳቱን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን ኮንታክት ጠርጌ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር አደረግኩ። እግረ መንገዴን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩንም ብሎን ነካ ነካ አደረግኩት። አራት ሥራ በአንድ ቀን! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ማታ ሳስነሳት ተነሳች። ግን ከኋላ ታካ ታካ ታካ ትላለች፤ የልብስ ሰፊ ቤት መሰለች። ጉልበቷም የለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን አሁን በአንደኛ እያለቃቀሰች ነው። ከየት ልጀምር? ደግሞስ እንደኔ ያለ የቢሮ ሰው የራሱን መኪና መጠገን ይማራል ወይስ ልተወው?

(በዚህ የውይይት መድረክ ላይ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ ምን ተባለ፣ ምን ሆነች እያሉ በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ በዙ። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ልተርክላችሁ።)

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነው። ለመማር ከቮልስ የተሻለ መኪና እንደሌለ አስረዳኝ። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም፣ የሚያፈስ የውሃ ፖምፓም የላትም። ሞተሯ በአራት ብሎን ብቻ ነው የተያዘው። እሱ ራሱ የመጀመሪያውን ሞተር ያወረደው በሁለት የጎረቤት ልጆችና በአንድ አሮጌ ጎማ እርዳታ ነው። ሞተሩ ጎማው ላይ አረፈ፤ ልጆቹም ሚሪንዳ ተገዛላቸው። በመጨረሻ የነካሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ እንዳሰፍር መከረኝ። በልቤ የትምህርት ቤት ነገር መሰለኝና አለፍኩት። አሁን ሳስበው ከክሩ ምክሮች ሁሉ ሁለተኛው ምርጥ እሱ ነበር።

መልስ 2። ይኼኛው የያዘው የዘይቱን ነገር ብቻ ነው። ይቺ ሞተር ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የሚጣል የዘይት ፊልትሮ የላትም። ከሥሯ ያለች የሽቦ ወንፊት ናት ያለቻት። 2.5 ሊትር ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ወንፊቷንም ማጠብ ነው። ወንፊቷን የያዘው ክዳን ስድስት ትናንሽ ዳዶ አለው፤ በ10 መፍቻ ይፈታል። ጉዱ ያለው ሲጠበቅ ነው። ሰውየው ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብሎ በረጅም መፍቻ አጠበቀው። የሞተሩ ብረት ለስላሳ ቅይጥ ስለሆነ ዳዶው የሚታሰርባት ዘንግ ከነጥርሷ ተነቅላ መጣች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ አከራዩ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ሲያነጥፉለት ከርመዋል፤ ካርቶኑን ሲቀይሩም አያናግሩትም ነበር። ዳዶዎቹን በአጭር መፍቻ፣ በሁለት ጣት ብቻ እንዳጠብቅ አደራ ብሎ ወጣ።

መልስ 3። ይኼ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ካርቡሬተር ላይ ጣለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ቀለማቸውን እንዳይ ነገረኝ። ፈታሁ። የ1 እና የ3 ቁጥር ሲሊንደሮቹ ቡናማ፣ የ2 እና የ4ቱ ጥቁርና እርጥብ ናቸው። ይህንኑ ጻፍኩ። እሱም ያው ካርቡሬተሩ ነው ብሎ ደመደመ። አንድ ካርቡሬተር ለአራቱም እየመገበ ሁለቱን ብቻ እንዴት ያጠቁራል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

መልስ 4። እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። ይኼ ሰው 20 ዓመት መፍቻ ይዤ ኖሬያለሁ ይላል። ቪዲዮ እያዩ መካኒክ ነን የሚሉ ሰዎች ያበሳጩታል። ቫልቭ በጆሮ ነው የሚስተካከለው፤ የክፍተት መለኪያ የሚያስፈልገው ጆሮ ለሌለው ሰው ነው ባይ ነው። የቢሮ ሰው ወደ ቢሮው ቢመለስ ለመኪናዋም ለአገሩም እንደሚበጅ ጻፈ። ለአገሩም!

መልስ 5። ለ4 ቁጥር የተሰጠ አጸፋ ነው፤ ስድቡን ልዝለለው። ቁም ነገሩ ግን ትልቅ ነው። በጆሮ የሚያስተካክል ሰው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ያጠብቃል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ደግሞ ድምፅ የለውም። ሞተሩ ሲግል ብረቱ ይረዝማል፣ ቫልቩ አልዘጋ ይላል፣ የተቃጠለው ጋዝ በጠርዙ እየሾለከ ይበላዋል። የጭሱ ቫልቭ በተለይ ሙቀቱን ለማስወገድ መቀመጫው ላይ በደንብ ማረፍ አለበት። ይኼ ሰው በጆሮ ተስተካክላ በተሰጠችው ቮልስ ወደ አዋሽ ሲወርድ 3 ቁጥር ላይ አንድ ቫልቭ ተቃጥሎበታል። መንገድ ላይ ስላደረው ሌሊት ሁለት አንቀጽ ጽፏል፤ ጅብም አለበት። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ወደ 3 ቁጥር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ መለኪያ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ 0.15 ሚሊሜትር። ነጥብ።

መልስ 6 እና 7። 6 ቁጥር 0.15 ስህተት ነው፣ አባቴ የተወልኝ መጽሐፍ 0.10 ይላል ብሎ ተነሳ። 7 ቁጥር ሜሪላንድ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. የ1973 ሱፐር ቢትል የምትባለው ቮልስ አለችው፣ ባለ ጎባጣ መስታወቷ። ሁለቱም ልክ እንደሆኑ በትሕትና አስረዳ። ቀደም ያሉት መጻሕፍት 0.10 ይላሉ፤ ኋላ ፋብሪካው ወደ 0.15 ከፍ አደረገው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው በ0.15 ነው የሚሠራው። የአሜሪካ መጽሐፍ በኢንች ስለሚጽፍ 0.006 የሚል ቁጥር ብታዩ በሚሊሜትር እንዳይመስላችሁ ብሎም አስጠነቀቀ። የዘይት ማቀዝቀዣው እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ወደ ጎን እንደተዛወረ የጨመረውም እሱ ነው። እሱ ዕቃ በፖስታ አዝዞ በር ላይ ይረከባል። ለኛ ግን ያው ከሻንጣው ጥግ የጓርኒሲዮን (የሞተር ማሸጊያ) ጥቅል ይዞ የሚመጣ ዘመድ ነው የሚያስፈልገን።

መልስ 8፣ 9 እና 10። ክሩ እዚህ ጋ ወጣ ብሎ ተንሸራሸረ። አንዷ እህታችን የታላቅ እህቷ ሠርግ በቮልስ እንደነበርና ሙሽራዋ ቬሎዋ በር ተዘግቶበት እንደተቀደደ አወራች። 9 ቁጥር የመጨረሻዋ ቮልስ ብራዚል እንደተሠራች ጻፈ። 10 ቁጥር አረመው፦ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው፤ ጠቅላላው 21,529,464 ደርሷል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1996 ነው ያቆመችው። 9 ቁጥር አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ ታርሞ ያመሰገነ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 11። አሁን ወደ ነገሬ። ከዚህ በፊት ብዙም ጽፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። በኋላ እንዳወቅኩት በ1965 ዓ.ም. ጋራዥ የገቡ አባት ናቸው፤ ስለዚህ አንቱ ልበላቸው። ስለ ከፍታ፣ ስለ ካርቡሬተር፣ ስለ ጆሮ አንዲት ቃል አልጻፉም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሞተሩን በየት በኩል አዞርከው፣ ሲሊንደሮቹንስ በምን ተራ አስተካከልክ?

እንደ ብልጥ ተማሪ መለስኩ። የዲናሞውን ዳዶ በ21 መፍቻ ይዤ በሰዓት አቅጣጫ አዞርኩ። ፑሊው ላይ ያለችው ምልክት ከሞተሩ መገጣጠሚያ መስመር ጋር ስትገጥም 1ን አስተካከልኩ። ከዚያ ግማሽ ዙር፣ 2። ግማሽ ዙር፣ 3። ግማሽ ዙር፣ 4።

መልስ 12 እና 13። ሽማግሌው እስኪመለሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። 12 ቁጥር ቀለበት መንገድ ላይ አንዲት ቮልስ ስትነድ ቆሞ አይቷል። ጥፋተኛው ጨርቅ የለበሰው አሮጌ የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማ ነበር። ጎማው ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውሃ የሚጠፋ እሳት አይደለም። ቫልቭ የምትነካካው ሰውዬ ጎማዋን ቀይረሃል ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። አልቀየርኩም ነበር። ተናድጄ ከክሩ ወጣሁ፤ ሰኞ ግን ገዝቼ ከነማሰሪያዋ ቀየርኳት። አሮጌዋን ሳጥፋት በእጄ ላይ ተሰበረች።

13 ቁጥር ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው፦ ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር የሚገባ ሰው አይኑር፤ ግንድ ወይ ማቆሚያ ብረት ይደገፍ። ለምን እንዲህ እንዳለ አልነገረንም። ማንም አልጠየቀውም።

መልስ 14። ሽማግሌው ተመለሱ። የዚች ሞተር የእሳት ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል፣ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። በሰዓት አቅጣጫ ግማሽ ዙር ስትሄድ ቀጥሎ የሚመጣው 4 ነው እንጂ 2 አይደለም። እኔ 2ን ባስተካከልኩበት ሰዓት 2 ራሱ ጭስ ጨርሶ አዲስ አየር ሊቀበል እየተለዋወጠ ነው፤ ሁለቱም ቫልቮቹ ትንሽ ትንሽ ተከፍተዋል። በተከፈተ ቫልቭ ላይ ክፍተት ፈልጌ ብሎኑን አላልቻለሁ ማለት ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ያ ክፍተት አንድ ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። 3 በዕድል ትክክለኛ ቦታው ላይ ገጥሞኛል። 4 ግን እንደ 2 ተበላሽቷል። ክዳኖቹን ክፈት፤ 1 እና 3 ደህና ናቸው፣ 2 እና 4 ይንገጫገጫሉ ብለው ጨረሱ። መኪናዋን አላዩዋትም። ድምፅዋንም አልሰሙም። የካንዴላዎቹን ቀለም ግን አንብበውት ነበር።

መልስ 15። ይኼ የኔው ሪፖርት ነው። እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተኛሁ። ክዳኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ሳወርደው ክዳኑ ወደቀ፤ ዘይቱ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ሮጠ። መጀመሪያ 1ን ቦታው ላይ አምጥቼ መለኪያውን አስገባሁ። 0.15 ቅጠሉ በሁለት ጣት መሀል እንደተያዘ ወረቀት ያዝ ለቀቅ እያለ አለፈ። ደህና ነው። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን ከፍቼ ውስጡ የሚዞረው ሮተር ወደ 4 ቁጥር ገመድ እስኪያመለክት አዞርኩ። ቫልቩን የሚገፋውን ክንድ በጣቴ ነካሁት። ቀጭ ቀጭ አለ። ቅጠሎቹን ደራርቤ ስድስት አስገባሁ፤ አሁንም ይንቀጠቀጣል። 2 ጋ ስደርስም ያው።

ሌላ የተማርኩት፣ በ13 መፍቻ ዳዶውን ስታጠብቁ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። ልክ ነው ብላችሁ የተዋችሁት ይጠባል። ብሎኑን በካቻቢቴ ይዞ ማጥበቅ፣ ከዚያ እንደገና መለካት ነው። ስምንቱን ቫልቭ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሳስነሳት ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመለሰ። ሚስቴ ከመስኮት ብቅ ብላ ተሻላት እንዴ አለች።

መልስ 16 እና 17። 4 ቁጥር ተመለሰ። እሱም መጀመሪያውኑ ድምፁን ቢሰማ ያውቀው እንደነበር ጻፈ። 5 ቁጥር ሽማግሌው ያወቁት ሳይሰሙ ነው ብሎ መለሰለት። ከዚያ የተጻፈውን አስተዳዳሪው ስለሰረዘው አልደግመውም፤ እናት አለበት። 17 ቁጥር አስተዳዳሪው ራሱ ነው፦ ስለ መኪና ተናገሩ አለ።

መልስ 18 እና 19። ስለ መኪና ተናገሩ ሲባል ደግሞ 18 ቁጥር ይህ ሁሉ ድካም ለምን ብሎ መጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ቀርቷል፤ ሞተሩን አውርዶ ኤሌክትሪክ መግጠም ይሻላል ባይ ነው። 19 ቁጥር ደሙ ፈላ። ቮልስ ከነድምፅዋ ነው ቮልስ፤ ያለዚያ ብረት ድስት ናት አለ። እኔ በልቤ ሁለቱም ገቡኝ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ስለምኖር ግን ዝም አልኩ።

መልስ 20። ይቺ መልስ ለጀማሪ ትጠቅማለች። የጻፈችው ሴት ናት፤ የአጎቷን ቮልስ ከ6 ዓመት በፊት ጀምራ እየሠራች ነው። ሥራዎቹን በሁለት ትከፍላቸዋለች፦ ብሳሳት መኪናዋ የምትቆምባቸው፣ እና ብሳሳት መኪናዋ የማትቆምባቸው። ቫልቭ፣ ኮንታክት፣ ካንዴላ፣ የዲናሞ ቺንጋ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ብትሳሳት በእግሯ ቤት ትገባለች። ፍሬንና መሪ ሁለተኛዎቹ ናቸው፤ እነሱን ሁሌም ሰው አጠገቧ አቁማ ነው የምትሠራው። ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ከአንድ ሥራ በላይ አትነካም። ሁለት ነገር ነክታ መኪናዋ ብትታመም የቱ እንዳሳመማት ስለማታውቅ ነው። እኔ አራት መንካቴን አንብባለች፤ በጨዋነት ዝም ብላ አለፈችው። ከምክሮቹ ሁሉ አንደኛው ይኼ ነው፤ ከእሱ በኋላ የ1 ቁጥር ወረቀት ይመጣል።

መልስ 21። የፊያት 600 ባለቤት ነው። ይህ ሁሉ ለሱም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። ሽማግሌው የፊያቷ እሳት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ ከዚህ ክር ቁጥሮቹን እንዳይገለብጥ፣ የራሷን መጽሐፍ ይዞ እንዲመጣ መለሱለት።

መልስ 22። መሣሪያ የት ይገኛል ለሚሉ አንድ ቀና ሰው የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራን አመለከተ። የ10፣ የ13፣ የ17 እና የ21 መፍቻ፣ ደህና ካቻቢቴ፣ የካንዴላ መፍቻና የክፍተት መለኪያ ለመጀመሪያው ዓመት እንደሚበቁ ዘረዘረ። ያገለገለ ጥሩ መፍቻ ከአዲስ ርካሽ መፍቻ ይሻላል ብሏል። ርካሹ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል፤ ከዚያ ዳዶው በመዶሻ ነው የሚወጣው። የኔን መለኪያ እዚያው ነው የገዛሁት። ያን ቅዳሜ ነካ ነካ ያደረግኩትን ካርቡሬተር ገና አልተመለስኩበትም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ የሱ ብቻ ነው።

መልስ 23። 4 ቁጥር ነው። ስድብ የለም፣ ሰላምታም የለም። ያቺን የክፍተት መለኪያ ከየትኛው ሱቅ በስንት እንደገዛኋት ጠየቀኝ። ለእህቱ ልጅ ነው አለ።